ፉል ኦፕሽኑ ለማን ነው?

የመኪና ደላሎች በቴሌግራም የሚለጥፉትን ማስታወቂያ ጥቂት ጊዜ የተከታተለ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ይይዘዋል። ፉል ኦፕሽን፣ ፓኖራሚክ ጣሪያ፣ የቆዳ ወንበር፣ ባለ 360 ካሜራ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር። የባትሪው መጠን ከተጻፈም መጨረሻ ላይ ነው። ባትሪው በምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ቸርኬው ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ስኮርታ ጎማ ይኑረው አይኑረው የሚነግር እምብዛም አይገኝም። ገዥውም አይጠይቅም። የእሱ ጥያቄ «ነገ ስሸጠው ስንት ያወጣልኛል?» ነው።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ብር በእጅ ላይ እንደ ጨው በሚሟሟበት አገር መኪና ቁጠባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ያን ሰሞን ገንዘቡን በመኪና ያስቀመጠ ሰው ከጎረቤቱ የተሻለ እንቅልፍ ተኝቷል። መዘዙ ግን አለ፦ የመኪናውን ደረጃ የሚመርጠው የሚነዳው ሰው መሆኑ ቀርቶ ከእሱ ቀጥሎ ይገዛል ተብሎ የሚታሰበው፣ ስሙም መልኩም የማይታወቀው ሰው ሆኗል። የደረጃ ልዩነት የወንበር ጨርቅና የሬዲዮ ጉዳይ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ ብዙም አይጎዳም ነበር። ዛሬ በአንድ ስም በሚጠሩ ሁለት መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት ከጎንደር ተነስቶ መተማ ውሎ የመመለስና መንገድ ላይ የመቅረት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ የምለው ያው አንድ ሞዴል በአንድ ፋብሪካ ተሠርቶ በተለያየ ዕቃና በተለያየ ዋጋ የሚወጣበትን ክፍፍል ነው። ቶዮታ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ ላንድክሩዘርን ጂኤክስ፣ ጂኤክስአር፣ ቪኤክስአር እያለ ያወጣል። ቮልስዋገን በቻይና የሚሠራውን አይዲ 6 ፒዩር፣ ፕሮ፣ ፕራይም እያለ ይለየዋል። ፊደሉ ከኋላ በሩ ላይ ይለጠፋል። (ፊደሉን ብቻ ገዝቶ የሚለጥፍ አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ንግድ ነው።)

ሁላችንም ስለ ፉል ኦፕሽን እንድናወራ ያደረገን ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አዲስ አውቶሞቢልን በሞተር ጉልበት ከፋፈለው፦ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ። ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ከኤክሳይዙ በፊት 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ከኋላው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ሁሉ ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ነበረ። አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ስለሚሰላ ውጤቱ ከመቶኛዎቹ ተራ ድምር ይበልጥ ነበር።

ስሌቱን በወረቀት ላይ እንሥራው። ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ መኪና በሁለት ደረጃ ቀርቧል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው የፋብሪካ ዋጋ ልዩነት 5,000 ዶላር ነው እንበል። ቀረጡ ሲጨመር 6,750፣ ኤክሳይዙ ሲያጥፈው 13,500፣ ከዚያ ቫትና ሱር ታክስ ሲያርፍበት ከ17,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ለአንድ መስታወት ጣሪያ፣ ለቆዳ ወንበርና ለተሻለ ድምፅ ማጉያ ሦስት እጥፍ ተኩል ግድም መክፈል ማለት ነው። በ1,300 ሲሲ ስር ላለችው ትንሽ መኪና ያው ልዩነት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሱዙኪ ዲዛየር ከአዋጁ በኋላ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ያለምክንያት አይደለም፤ ሞተሯ ከ1,200 ሲሲ በታች ነው።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ እንዲከፍል፣ ፈጽሞ ያልተገጣጠመው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ያቺው የ5,000 ዶላር ልዩነት በ15 በመቶው ስሌት 5,750 ዶላር ሆነች። በአንድ ጊዜ የደረጃ ዋጋ በሦስት እጥፍ ረከሰ ማለት ይቻላል። አስመጪ ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ ለመሸጥ የሚቀለውን ያመጣል፤ ለመሸጥ የሚቀለው ደግሞ በስልክ ፎቶ ላይ የሚታየው ነው። ስለ ነዳጁ እገዳ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ የደረጃ ዋጋ ለውጥ ግን ማንም ብዙ አልተናገረም። እኔ እንደሚመስለኝ በገዥው ኪስና በየቀኑ ጉዞው ላይ የበለጠ የሠራው ይኸኛው ነው።

ደረጃው መንገድ ላይ እንዴት እንደሚፈተን ለማየት አሁን ወደ ምዕራብ እንውረድ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ይገባል፤ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ በሸዋክና በኸሽም አልጊርባ በኩል ወደ ኒው ሀልፋ። ኒው ሀልፋ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ አሮጌዋን ዋዲ ሀልፋ ሲውጣት፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን የሰፈሩባት የመስኖ ከተማ ናት። የጥጥ፣ የስንዴና የለውዝ እርሻዋ የሚጠጣው በኸሽም አልጊርባ የተገደበውን የአትባራን ውሃ ነው፤ አትባራ ማለት ደግሞ እኛ ጓንግ የምንለውና ተከዜ የሚገቡበት ወንዝ ነው። ገዳሪፍ በበኩሏ እንግሊዞች ለጦራቸው ቀለብ ብለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በትራክተር ማሽላ ማረስ የጀመሩባት ምድር ናት። ከዚያ ወዲህ የሰሊጥና የማሽላ አገር ሆና ቀርታለች፤ ከእኛ በኩል ለአረምና ለአጨዳ የወረደው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

ስለ መኪና ደረጃ ሲወራ ይህን አካባቢ ማየት የሚጠቅመው ሰዉ መኪና የሚመርጥበት ሚዛን ከአዲስ አበባው ጋር ተቃራኒ ስለሆነ ነው። እዚህ የሚመርጡት ሦስቱ ናቸው፦ አፈሩ፣ ሙቀቱና መካኒኩ። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እየተሰነጠቀ ጎማ ያንገላታል፤ ከሰኔ በኋላ ከአስፋልት አንድ እርምጃ የወጣውን መኪና ይዞ አይለቅም። ሙቀቱ በሚያዝያና በግንቦት 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። መካኒኩ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይሆን ቁልፍ የያዘ ሰው ነው።

ድሮ ሱዳን ውስጥ የደረጃ ምርጫ የሚባለው ነገር ራሱ የሚወሰነው በአገሬው ገበያ ነበር። የእንግሊዙ ቤድፎርድ ሻንሲና ሞተር ሆኖ ይመጣል፤ አካሉን፣ ጎኑን፣ የዕቃ መደርደሪያውን፣ ከላይ የሚሰቀሉት ሰዎች የሚይዙትን ብረት የአገሩ አናጺና በያጅ ይሠሩታል። ከጭነቱም ከመንገዱም ጋር የሚስማማው ያ ነበር፤ ከፋብሪካ የመጣ ኦፕሽን አልነበረም። ዛሬ ሱዳኖች ቦክሲ የሚሉት ሃይሉክስ ላይም የዚያ ልማድ ርዝራዥ አለ፦ ከኋላ አግዳሚ ወንበርና የብረት ጣሪያ ተበይዶለት ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ይህን ለማድረግ ዝቅተኛው ደረጃ ይበቃል፤ ከዝቅተኛው በላይ የተከፈለው ገንዘብ ብየዳው ሲጀመር ይቃጠላል።

ላንድክሩዘር 70ን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ ቤተሰብ ነው፤ ፒክአፑ 79 በምሥራቅ አፍሪካ ገጠር ሁሉ ይታወቃል። ለዓመታት በሁለት ዓይነት የናፍጣ ሞተር ጎን ለጎን ተሽጧል። አንደኛው ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ ያለ ተርቦ፣ ነዳጁን በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጭ። ሁለተኛው ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመጣው ባለ 4.5 ሊትር ቪ 8 ተርቦ። በካታሎግ ላይ ሁለተኛው ከፍ ያለው ነው፤ ጉልበቱም አይወዳደርም። ነገር ግን የቪ 8ቱ ኖዝል በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝና ንጹሕ ናፍጣ የሚሻ ነው፤ ከበርሜል በጀሪካን ተቀድቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ የሚገባ ናፍጣ ያጎሳቁለዋል። የድሮው ፖምፓ ግን ይታገሣል። ሲበላሽም ገንዳ ውሃ ወይም ሸዋክ ላይ ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። የቆላ ባለሀብት ደካማውን ሞተር መርጦ ሲገዛ ገንዘብ አጥቶ ይመስላል፤ እንዲያ አይደለም።

የደረጃን ነገር በቅርብ ማየት ለፈለገ የመኪናውን ወለል ይመልከት። የ70ው ዝቅተኛ ደረጃ ወለሉ ላስቲክ ነው፤ ከፍ ያለው ምንጣፍ አለው። በሐምሌ ከእርሻ የተመለሰ ሰው ጫማው ላይ ያለው የዋልካ ጭቃ ክብደቱ የትየለሌ ነው። ላስቲኩን በባልዲ ውሃ አጥቦ በሩን ከፍቶ ያደርቀዋል። ምንጣፉ ግን ጭቃውን ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፣ ሽታው ከመኪናው ጋር ያረጃል፤ ከሥሩ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ገመዶችም ዝገት ይጀምራቸዋል። ለምንጣፉ ግን ተጨማሪ ተከፍሏል። በአንጻሩ ለዚህ መሬት ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገቡት፣ ሁለተኛ የነዳጅ ታንከር፣ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ ወደ ላይ የወጣ የአየር መሳቢያ፣ ጠንካራ ባሌስትራ፣ አንዳቸውም ፎቶ ላይ ደምቀው አይታዩም። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መሆኑ እንኳ በማርሽ እጀታው አጠገብ ካለችው ትንሽ ዘንግ በቀር ምልክት የለውም።

ስለ ዱባይና ስለ አውሮፓ ደረጃም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ላይ «ዩሮፕ» የተባለ ቶዮታ «ዱባይ» ከተባለው እኩያው በውድ ይሸጣል። ለደጋ ሰው ምክንያት አለው፤ የአውሮፓው የተሻለ ማሞቂያ፣ የተሻለ የዝገት መከላከያ፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ የደህንነት ዕቃ አለው። የባሕረ ሰላጤው ግን የተሠራው ለ50 ዲግሪ ነው፦ ሰፊ ራዲያተር፣ ጉልበተኛ የኤሲ ኮምፕረሰር። ያንኑ የአዲስ አበባ የዋጋ ሰንጠረዥ ይዞ መተማ የወረደ ሰው ለማይጠቀምበት የወንበር ማሞቂያ ጨምሮ ከፍሎ፣ ለሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ዝቅ ያለውን ያገኛል። የሚቀጥለው ገዥ ከሸገር ይመጣል ብሎ ስለሚያስብ ይህን ያውቅም ይሆናል፤ አውቆም ይገዛዋል።

እስካሁን ያለው ታሪክ ቀላል ነው፤ ለክፉ መንገድ ዝቅተኛው ደረጃ ይሻላል የሚል። የኤሌክትሪክ መኪናው ነገሩን የሚያወሳስበው እዚህ ላይ ነው። በነዳጅ መኪና ዝቅተኛ ደረጃ የሚቀንስብህ ምቾት ነው፤ ታንከሩ ያው ታንከር ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ዝቅተኛው ደረጃ ታንከሩንም ይቀንስብሃል። የቢዋይዲ ሲገል በ30 እና በ38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ትወጣለች። ዩዋን ፕላስ በ49.9 እና በ60.5። በቻይና የሚሠራው የቶዮታ ቢዜድ ፎር ኤክስ በ50 ግድም እና በ66.7። አይዲ 6 በ63.2 እና በ84.8። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ስለዚህ «እኔ ቀላሉ ይበቃኛል» የሚለው የቆላ ሰው ጥበብ፣ ላንድክሩዘር ላይ ያዋጣው ነገር፣ እዚህ ጉድ ሊሠራው ይችላል።

አንድ ጉዞ እናስላ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ ከ800 ሜትር በታች። ርቀቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መውረዱ አያሳስብም፤ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይሞላል። መመለሱን ነው ማስላት። ከነሰውና ከነዕቃው ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ለመውጣት ብቻ ከ8 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ኤሲው ሳይጠፋ በአስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ካልን መንገዱ ራሱ 33 ያህል ይወስዳል። ድምሩ 41 ነው። በቢዜድ ፎር ኤክሱ የ50 ባትሪ፣ የመጨረሻውን አሥር በመቶ ሳይነኩ፣ በእጅ ያለው 45 ነው፤ አዘዞ ሲደርሱ የቀረው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። አይከል ዳገት ላይ አንድ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገድ ቢዘጋ፣ ኤሲው እየሠራ ሁለት ሰዓት ቢጠበቅ፣ ሂሳቡ አለቀ። በ66.7ቱ ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ይተርፋል። ይህም ሁሉ መተማ ላይ ባትሪው ሙሉ ተሞልቶ ከተነሳ ነው። የቻርጅ ጣቢያው በአብዛኛው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባለበት ጊዜ መሙላት ማለት የቤት ኤሌክትሪክ ላይ ሌሊቱን ማሳደር ነው፤ መብራቱ ካልጠፋ።

በካታሎጉ ላይ የተጻፈው ርቀት በዚህ ስሌት ቦታ የለውም። የቻይናው መለኪያ በከተማ ዝግታ፣ በተመቻቸ ሁኔታ የሚሰላ ነው፤ ለእኛ ዳገት ቢያንስ ሩቡን ቀንሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ሌላም ወጥመድ አለ። ከሁሉ በላይ ያለው ደረጃ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር ነው፣ ቸርኬውም 20 ቁጥር። ሁለተኛው ሞተር ያንኑ ባትሪ ስለሚካፈል የሚሄድበት ርቀት ያጥራል። ትልቁ ቸርኬ ደግሞ የጎማውን ጎን ያሳጥረዋል፤ አስፋልት ላይ ያለች አንዲት ጉድጓድ ቸርኬውን ትሰነጥቀዋለች፣ ጎሚስታውም ያን ቁጥር የሚተካ ጎማ የለኝም ይላል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ የሚሻለው ከላይም ከታችም አይደለም፤ ትልቁ ባትሪ በአንድ ሞተርና በ18 ቁጥር ቸርኬ የሚገኝበት መካከለኛው ደረጃ ነው። ደላላው ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቀው።

ሙቀቱ ወደ ሌላ ጥያቄ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች የባትሪያቸው አቅም ከተጠበቀው በላይ ቶሎ እየቀነሰ ነው ብለው ጮኹ። ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የማያቀዘቅዝ መኪና ነበር፤ ኩባንያው በኋላ ሙቀት የሚችል የባትሪ ኬሚስትሪ ይዞ መጣ። ዛሬ የሚመጡት አብዛኞቹ በፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ፤ ርካሾቹ ትንንሾቹ ሁሉ ግን እንዲያ አይደሉም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው ዉሊንግ ሚኒ በዝቅተኛው ደረጃዋ ኤሲ ራሱ አልነበራትም። ቤጂንግ ላይ ችግር ላይሆን ይችላል። ገንዳ ውሃ ላይ በሚያዝያ ወር ኤሲ የሌለው መኪና ምጣድ ነው።

ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ የሚጨመረው ሙቀት ፓምፕ ነው፤ በክረምት በረዶ ለሚወርድበት አገር ባትሪ ቆጣቢ ግሩም መሣሪያ፣ ለመተማ ግን ጌጥ። የወንበር ማሞቂያውም እንዲሁ። ፓኖራሚክ ጣሪያው ከጌጥም ይከፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ኤሲው የሚታገለው ከዚያ መስታወት ጋር ነው፤ የሚከፍለውም ባትሪው ነው። ማስታወቂያው ላይ በመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ዕቃ ከመኪናው ርቀት የሚሰርቅ መሆኑ የገበያችንን ሁኔታ በደንብ ያሳያል።

ይህን ያነበበ ሰው ዝቅተኛው ደረጃ ሁሌ ብልህነት ነው ብሎ እንዳይደመድም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ ምንጣፍ ብቻ አይደለም የሚቀንሱት፤ ኤርባግና መንሸራተት መከላከያም ይቀንሳሉ። ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የግጭት ፈታሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ የሚሸጠውን የኒሳን ኤንፒ 300 ፒክአፕ ፈትኖ ለአዋቂ ተሳፋሪ ደህንነት ዜሮ ኮከብ ሰጥቶታል፤ መኪናው ኤርባግ እያለው። ከአይከል ቁልቁለት ጋር ለሚታገል ሰው መንሸራተት መከላከያው ከባለ 360 ካሜራው ይበልጣል፤ ግን ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ካሜራው ነው። በዚህ አንድ ነገር ላይ «ዩሮፕ» የሚሉት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያለዚያ መሣሪያ አዲስ መኪና አይሸጥም።

ሌላው በካታሎግ የማይገኝ ሚዛን ጸጥታ ነው። በጎንደር–መተማ መንገድ ዕገታ ከዓመታት ወዲህ የታወቀ ስጋት ነው፤ አጋች ደግሞ መኪናውን አይቶ የባለቤቱን ኪስ ይገምታል። ከድንበሩ ማዶ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ፣ የግል መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘረፍ ንብረት ሆነ፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ቶዮታማ ለታጣቂ የጦር መሣሪያ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከምሥራቅ ጀዚራ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍና ወደ ኒው ሀልፋ ሲጎርፉ በእግር፣ በአህያ ጋሪና በትራክተር የመጡ ብዙ ነበሩ። ነጭ፣ ተራ፣ ባለ አንድ ዲፈረንሻል ፒክአፕ የሚመርጥ የዚያ አካባቢ ነጋዴ የሚያስበው ስለ ቁጠባ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከገላባት ማዶ መሄድ ለጊዜው የሚታሰብ አይደለም፤ ጦርነቱ መብራቱን ባሽመደመደው አገር ናፍጣው ቢወደድም በጀሪካን ይገኛል።

ወደ ሚቀጥለው ገዥ ልመለስ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ጌታ እሱ ነውና። እገዳው ከወጣ ወዲህ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ እየወጡ ነው። አብዛኞቹን ያመጡት ነጋዴዎች ከቻይና ገበያ ላይ ገዝተው ነው፤ ፋብሪካው እዚያ ለባትሪው የሚሰጠው የስምንት ዓመት ዋስትና ተከትሏቸው አይመጣም። ሁለተኛው ገዥ የቆዳውን ወንበር በዓይኑ ያየዋል፤ የባትሪውን ቀሪ አቅም ግን በመሣሪያ ካልሆነ አያየውም። አሁን መሣሪያውን ይዘው የሚዞሩ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ፤ ውጤቱን በመቶኛ ይናገራሉ። ያ ቁጥር በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፍ ሲጀምር በትልቁ ባትሪና በጥሩ ማቀዝቀዣ የተገዛው መካከለኛው ደረጃ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ በትንሹ ባትሪ ላይ መስታወት ጣሪያ የተገጠመለት «ፉል» ደግሞ ይወድቃል ብዬ እገምታለሁ። ትንሽ ባትሪ ያንኑ ርቀት ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ይደክማል።

ግምቴን ሊያበላሽ የሚችለው ግብር ነው። የደረጃው ርካሽነት የቆመው በ15 በመቶው ላይ ሲሆን፣ መንግሥት ገቢ በፈለገ ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ወደዚያው መሆኑ አይቀርም። ኤክሳይዝ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ በዋጋ ተመን ቢጣል አስመጪው ከተመኑ ወለል በታች ለመቆየት የሆነ ነገር መቀነስ ይኖርበታል። በመኪና ላይ ከሁሉ ውዱ ዕቃ ባትሪው ነው፤ ከሁሉ የማይታየውም እሱ ነው። ጣሪያው ይቀራል፣ ካሜራው ይቀራል፣ ባትሪው ያንሳል፤ ከኋላ በሩ ላይ ያለው ፊደልም እንዳለ ይመጣል። በሲሲ የለመደው የግብር አሠራራችን በኪሎዋት ሰዓት ማሰብ ቢጀምርም መዘዙ ያው ነው፤ ትልቁን ባትሪ ይቀጣል፤ በዚያ ቅጣት የሚጎዳው ደግሞ ከቦሌ እስከ መገናኛ የሚነዳው ሳይሆን ከአዘዞ ወደ ቆላ የሚወርደው ነው።